ነጋዴን ከነሥራው ፎቶ ማንሳት

ሁላችንም ጉርድ ፎቶ አለን። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት ወይም ለትምህርት ቤት የተነሳነው። ነጭ ግድግዳ፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ ያልሳቀ ፊት። ከዚያ ፎቶ ላይ የሰውየውን መልክ ታውቃላችሁ እንጂ ምን ሠርቶ እንደሚያድር አታውቁም። የፎቶ ቤት ፎቶ ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ለብሶና አጊጦ፣ መምሰል የሚፈልገውን መስሎ ይቆማል። ሦስተኛው የመንገድ ላይ ፎቶ ነው። ሰውየው ሳያውቅ፣ አንዳንዴም ከሩቅ፣ ቀጭ ተደርጎ የሚወሰድ።

ዛሬ የማወራው ከሦስቱም ስለሚለየው ነው። ፎቶ አንሺዎች ዶክመንተሪ ፖርትሬት ይሉታል። አንድን ሰው በፈቃዱ፣ በሚውልበት ቦታ፣ ከሚሠራበት ዕቃ ጋር ማንሳት ማለት ነው። ቦታው አልተቀየረም፣ ልብሱ አልተመረጠም፣ ዕቃው ለፎቶ አልተደረደረም። ሰውየው ግን እየተነሳ መሆኑን ያውቃል፤ ሌንሱን ያያል፣ እንዴት መታየት እንደሚፈልግም የራሱ ሐሳብ አለው።

ሲነገር ቀላል ነው። ገበያ ውስጥ ሲገባ ግን ፈቃዱ፣ ብርሃኑ፣ ሕጉ፣ ገንዘቡ፣ ክብሩ ሁሉም በአንዴ ይመጣሉ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጥሩ የነጋዴ ፎቶ የሚያነሳው ነጋዴዋ ስለ ሥራዋ ከምታውቀው ጥቂቱን እንኳ ለማወቅ ጊዜ የሰጠ ሰው ነው። ካሜራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ጆን ቶምሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ፎቶ አንሺ ከጋዜጠኛው አዶልፍ ስሚዝ ጋር ሆኖ የለንደንን የጎዳና ነጋዴዎች በፎቶና በጽሑፍ አሳተመ። አበባ ሻጮች፣ ጫማ ጠራጊዎችና አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ነበሩበት። ከዚያ በኋላ የመጣው ጀርመናዊው ኦገስት ዛንደር ግን ለኔ ዋናው መምህር ነው። ዛንደር የዘመኑን ሰዎች በየሙያቸው ለማንሳት ዕድሜውን ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1928 ያነሳውን ኬክ ጋጋሪ ልብ ብላችሁ እዩት። ትልቅ ሰው ነው፤ ረጅም ነጭ የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ትልቅ ሳህን ይዞ፣ ኩሽናው ውስጥ ቆሟል። አያሳዝንም፣ አያስቅም። «ይሄ የኔ ቦታ ነው» የሚል ይመስላል። ዛንደር ለባለ ፋብሪካውም ለጋጋሪውም የሰጠው አክብሮት አንድ ዓይነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 የናዚ መንግሥት ዛንደር ፎቶዎቹን ያወጣበትን መጽሐፍ ማተሚያ ፕሌቶች አስወድሟል። ሰውን ሁሉ እኩል አክብሮ የሚያይ ፎቶ ለእንዲህ ዓይነት አገዛዝ አይመችም።

በኛ አገር ካሜራ በድሮው ጊዜ ብዙ የዞረው ወደ ቤተ መንግሥት ነው። የአርመን ተወላጆቹ የቦያጅያን ቤተሰብ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ድረስ ነገሥታቱን አንስተዋል። ነጋዴው በአብዛኛው የሚገኘው የውጭ ተጓዦች ባነሱት ፎቶና ፖስት ካርድ ላይ ነው። እዚያ ላይ ስም የለውም። «ገበያተኛ ሴት» ተብሎ ይታለፋል። የማን እናት እንደሆነች፣ ቅቤዋን ከየት እንዳመጣች፣ በስንት እንደሸጠች የጠየቀ የለም። ይህ ጉድለት ዛሬም አልቀረም። በስልካችን ስናነሳ እኛው ራሳችን እንደግመዋለን።

ስለዚህ ወደ መርካቶ እንሂድ። መርካቶ አሁን ባለበት ቦታ የተመሠረተው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የከተማው ዋና ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ዛሬ መርካቶ በተራ በተራ የተከፈለ ነው። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ እያለ ይቀጥላል። ለፎቶ አንሺ ይህ አከፋፈል ብዙ ትርጉም አለው። እያንዳንዱ ተራ የራሱ የሰውነት እንቅስቃሴ አለው። ሸማ ተራ ጨርቅ በክንድ ይዘረጋል፣ ጥለቱ ወደ ብርሃን ይዞራል። ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት ይቀጠቀጣል፤ ሰውየው የሚያወራው እየመታ ነው። የድሮ ጎማ በረባሶ ሲሆን ደግሞ ቢላዋው የሚሄድበት መስመር አለ፤ እጁ ያውቀዋል። እነዚህን ሰዎች ሥራቸውን አስቁማችሁ ግድግዳ ላይ ብታስደግፏቸው ያገኛችሁት ጉርድ ፎቶ ነው።

አንድ ነገር ቀረብ ብዬ ላሳያችሁ። በርበሬ ተራ አካባቢ የአንዲት ቅመም ሻጭ ጎን ተቀምጬ ሥራዋን ስመለከት ቆይቻለሁ። ከፊቷ ጆንያዎች አፋቸው ተጠቅልሎ ተደርድረዋል። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ አብሽ፣ ድንብላል፣ ጥምዝ፣ በሶብላ። ገዢ መጥታ «ኮረሪማው የዘንድሮ ነው?» ስትላት መልስ አልሰጠችም። አንዱን ፍሬ አነሳች፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ሰነጠቀችው፣ መዳፏ ላይ ዘርግፋ ወደ ገዢዋ አፍንጫ አስጠጋችው። ገዢዋ አሸተተች፤ ዋጋ መጠየቅ ጀመረች። ተስማሙ፣ ተመዘነ፣ ፌስታል ውስጥ ገባ። «መርቂልኝ እንጂ!» አለች ገዢዋ። ሻጯ ጥቂት ፍሬ ዘግና ጨመረችላት። ሚዛኑ ላይ ስትሰፍር እጇ ጥብቅ ነበር፤ ምርቃቱን ስትሰጥ ግን ጣቶቿ ተከፈቱ።

ለኔ የዚያች ሴት ፎቶ ያለው እዚያ አውራ ጣት ላይ ነው። ለዕቃዋ በቃል አልመሰከረችም፤ ገዢዋን አስሸተተቻት። ይህን ለማየት ግን ቁጭ ማለት ያስፈልጋል። ቆሞ አልፎ ሂያጅ የሚያየው ባለቀለም ጆንያ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ኢንተርኔት ላይ ያለው አብዛኛው የገበያ ፎቶ ቅመሙ ደምቆ ሻጯ የምትደበዝዝበት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ፈቃድ። መርካቶ ውስጥ ካሜራ ያወጣ ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬውም ምክንያት አለው። ባለ ሱቁ ከገቢዎች የተላከ ሰው ይመስለዋል። መንገድ ላይ የዘረጋችው ሴት ደንብ አስከባሪ ይመጣብኛል ብላ ትሰጋለች። ሱቅ በደረቴ ይዞ የሚዞረው ልጅም እንዲሁ፤ ፊቱ ከዕቃው ጋር በፎቶ ሲወጣ ለሱ ማስረጃ ነው። ዓይን ይበላኛል ብሎ የሚፈራም አለ። ቤተሰቦቿ ገበያ መዋሏን የማያውቁ ሴትም ልትኖር ትችላለች። ሌላው ደግሞ ከዚህ በፊት ተነስቶ፣ ፎቶው የሆነ ቦታ ላይ «ድህነት በአዲስ አበባ» ዓይነት ርዕስ ተሰጥቶት ያየ ነው። እሱ «አታንሳኝ» ሲል እውነቱን ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ሰላም በሉ። ትልቅ ሰው ከሆኑ «እንዴት ዋሉ እማማ፣ ገበያ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጀምሩ፣ ስትለዩም «ይቅናዎት» በሉ። ከዚያ ማን እንደሆናችሁ፣ ፎቶውን ምን እንደምታደርጉበት በግልጽ ተናገሩ። «ለትምህርት ነው» ብሎ ዋሽቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ነውር ነው። ጠዋት፣ የመጀመሪያው ገዢ ሳይመጣ፣ አትቅረቡ። ብዙ ነጋዴ የቀኑ ዕድል የሚከፈተው በመጀመሪያው ሽያጭ ነው ብሎ ያምናል፤ ገንዘብ ያላወጣ ሰው ፊቱ ቆሞ እንዲያወራው አይፈልግም። ገበያ የደራበት ሰዓት ላይም መንገድ ትዘጋላችሁ። ጥሩው ሰዓት ከምሳ በኋላ ያለው ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ነው። ያኔ ነጋዴም ወሬ ይፈልጋል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ፈቃድ ሰጪው ሁልጊዜ ባለ ዕቃው ብቻ አይደለም። ተራው ሰው አለው። ጎረቤት ሱቅ፣ ኩሊው፣ ደላላው፣ ጥበቃው ሁሉም ያያችኋል። በዕድሜ ከፍ ያሉትን አንድ ሰው አግኝታችሁ ሐሳባችሁን ብታስረዱ ሌላው ይከተላል። ጥበቃ ወይም ፖሊስ ቢጠይቅም ማንነታችሁን የሚገልጽ ወረቀት መያዝ ነገሩን ያቀለዋል። እሺ የሚለው መልስ ደግሞ በአንዴ ተገኝቶ የሚያበቃ አይደለም። እሺ ብላ ፊቷን ካዞረች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ከሳበች፣ በቃ አልፈለገችም። ካሜራውን አውርዱ።

ልጆችን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ማስቲካና ሶፍት የሚሸጡ ሕፃናት ፎቶ በቀላሉ ስሜት ይነካል፤ ለዚያም ነው የሚበዛው። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳይፈቅድ ፊታቸውን አታውጡ። እጃቸውን፣ የያዙትን ካርቶን፣ ከኋላ የሚራመዱበትን መንገድ ማንሳት ይቻላል።

ስለ ብርሃን ትንሽ እንነጋገር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም የማትርቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ዓይን ውስጥ ጥቁር ጥላ ታወርዳለች። ስለዚህ ነጋዴው ከላይ ሸራ ወይም ቆርቆሮ፣ ከፊት ደግሞ ክፍት ያለው ቦታ ላይ ሲቀመጥ ብርሃኑ በጣም ያምራል። ከመንገዱ የሚንፀባረቀው ብርሃን ፊቱን ለስለስ አድርጎ ይሞላዋል። የሱቅ በር አፍ ላይ ያለው ብርሃን በገንዘብ ተገዝቶ ከሚመጣ ፍላሽ ይበልጣል። ፍላሽ ገበያ ውስጥ አልወድም፤ ሰውን ያስደነግጣል፣ የቦታውንም ብርሃን ያጠፋል።

ችግሩ ሰማያዊው ሸራ ነው። ከሥሩ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ሰማያዊ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ከውስጥ ቢጫ አምፖል ሲበራ ግማሽ ፊት ሰማያዊ፣ ግማሽ ፊት ቢጫ ይሆናል። ካሜራችሁ የነጭ ሚዛን ማስተካከያ (ነጩን ነጭ አድርጎ የሚያሳይ) ካለው ነጭ ወረቀት ሸራው ሥር ይዛችሁ አስተካክሉ። ሁለት ቀለም ብርሃን ሲቀላቀል ግን ማስተካከያውም አይረዳም፤ እናንተ ቦታ ቀይሩ እንጂ እሷን ከዕቃዋ አታስነሷት። ያም ካልሆነ ጥቁርና ነጭ ማድረግ ይቻላል።

ከዚህ የሚከፋው የፊት ቀለም ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ አማካይ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ነጭ ነጠላ የተከናነበች ጠይም እናት ስታነሱ ነጩ ስለሚበዛበት ሁሉን ያጨልመዋል፤ ፊቷ ይጠፋል። ጥቁር ጆንያ ፊት የተቀመጠን ሰው ስታነሱ ደግሞ ያለ ልክ ያነጣዋል። ነገሩ በከፊል የታሪክ ውርስ ነው። ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ እንዲሆን ይልከው የነበረው «ሸርሊ ካርድ» ላይ ለረጅም ዘመን የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ፊልሙ ለጠይምና ለጥቁር ቀለም መሻሻል የጀመረውም በአብዛኛው ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ምርታችን በደንብ አይታይም ብለው ስላማረሩ ነው። የጥቁር ሰው ፊት ስለጠፋ አልነበረም። ይህን ማወቅ ያናድዳል፤ ማናደድም አለበት።

መፍትሔው ብርሃኑን ከፊቱ ላይ መለካት ነው። በስልክ ከሆነ ፊቱን በጣት ነክታችሁ፣ የሚወጣውን የብርሃን ማስተካከያ ቀስ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ። የፊቷ ቆዳ ሲታይ፣ የነጠላው ክርም ሳይጠፋ፣ እዚያ ላይ አቁሙ። ቆዳ የሚያነጣና የሚያለሰልስ ፊልተር ግን ፈጽሞ አትጠቀሙ። የነጋዴ ፊት ላይ ያለው ፀሐይና መስመር የሥራው ታሪክ ነው፤ እሱን ማጥፋት ሰውየውን ማጥፋት ነው።

ስልክ ላይ «ፖርትሬት» የሚለውም ምርጫ ጀርባውን ስለሚያደበዝዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ደብዝዞ የሚጠፋው ዕቃው፣ ሚዛኑ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥዕል፣ የእቁብ መዝገቡ ነው። እነዚህ ናቸው ስለ ሰውየው የሚናገሩት። በካሜራ ከሆነ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ኤፍ 4 ወይም ኤፍ 5.6 ላይ ስታደርጉት ፊቱም ዕቃውም ይያዛል። እጅ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የመዝጊያው ፍጥነት የሴኮንድ 1/250 አካባቢ ቢሆን ይበቃል። ሌንሱ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። የስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ ስለሆነ በጣም ከተጠጋችሁ አፍንጫ ያገዝፋል። ዙሙን ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ አንድ እርምጃ ራቅ በሉ።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ግን ቁመትን ነው። ጉልት ላይ የተቀመጠች ሴት ትንሽ በርጩማ ላይ ወይም መሬት ላይ ናት። ቆማችሁ ብታነሷት ከላይ ወደ ታች ታያላችሁ። ፎቶውን የሚያየውም ሰው ከላይ ወደ ታች ያያታል፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ያዝንላታል። ቁጭ በሉ። ሌንሱ ከዓይኗ እኩል ይሁን። ያቺው ሴት፣ ያው ቲማቲም፣ ያው መደብ፤ ፎቶው ግን ይለወጣል። በመደብ መደብ የደረደረችው ቲማቲምም ከሷ ቁመት ሲታይ ለምን ደህናው ከፊት እንደሆነ ይገባችኋል።

«ቆይ፣ ካሜራውን አይቼ ተስተካክዬ ከተነሳሁ እውነት ነው እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። በተለይ ዜና የሚሠሩ ሰዎች ይሄን ይከራከራሉ። እኔ እንዲህ አየዋለሁ። ሰው ካሜራ ሲያይ ሻሹን ማስተካከሉ፣ ቀጥ ማለቱ የራሱ እውነት ነው። እንዴት መታየት እንደሚፈልግ እየነገራችሁ ነው። ውሸት የሚሆነው እናንተ ስታዘጋጁት ነው። ያልነበረ ሚዛን ማስያዝ፣ «ትንሽ አዘን በይ» ማለት፣ ንጹሕ ቀሚሷን አስቀይሮ የተቀደደ ማስለበስ። ይህን የሚያደርግ ሰው ፎቶ አንሺ ነኝ ባይል ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው መንገድ ሁለት ፎቶ ማንሳት ነው። መጀመሪያ እሷ የምትፈልገውን፣ ቀጥ ብላ ሌንሱን እያየች። ከዚያ ገዢ ይመጣል፣ እናንተን ትረሳለች፣ እጇ ወደ ሥራው ይመለሳል። የሁለተኛው ፎቶ ዕድል የሚገኘው የመጀመሪያውን በክብር ስላነሳችሁ ነው።

ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ጽሑፍ እንደ ፎቶው ራሱ ከባድ ነው። ለዚህ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1936 ዶሮቲያ ላንጅ የተባለች አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ ካሊፎርኒያ ውስጥ አተር ለቀማ በሚሠራበት መንደር አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር አነሳች። ፎቶው በዓለም ላይ በጣም ከታወቁት አንዱ ሆነ። ላንጅ ግን የሴትየዋን ስም አልጠየቀችም። ስሟ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ከፎቶው ምንም ገንዘብ አላገኘችም፤ ባልተነሳሁ ኖሮ ብላለች። በዚያ ላይ ላንጅ በማስታወሻዋ ቤተሰቡ ምግብ ለመግዛት የመኪናውን ጎማ እንደሸጠ ጽፋ ነበር። ልጇ በኋላ ይህ ሐሰት ነው፣ የምንሸጠው ጎማም አልነበረንም ብሎ አስተባብሏል። ላንጅ ክፉ ሰው አልነበረችም። ሥራዋ ለተራቡት ሰዎች እርዳታ እንዲደርስ ረድቷል። ግን አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታ ሄደች፤ ሴትየዋ ቀሪ ዕድሜዋን ያንን ፎቶ ተሸክማ ኖረች።

ስለዚህ ጠይቁና ጻፉ። በምን ስም መጠራት እንደምትፈልግ፤ ሙሉ ስሟን ሊሆን ይችላል፣ «የእገሌ እናት» መባል ትመርጥ ይሆናል፣ ስም አይጻፍ ልትልም ትችላለች። ምን እንደምትሸጥ በትክክል ጻፉ፤ «ቅመም» ሳይሆን «ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ»። የትኛው ተራ እንደሆነ። ቀኑን በኛም በፈረንጅም አቆጣጠር፤ አለበለዚያ ከዓመታት በኋላ 2017 የትኛው 2017 እንደሆነ ያጠራጥራል። ከየት እንደመጣች፣ ስንት ልጅ እንደምታሳድግ ከነገረቻችሁና ከፈቀደች ጨምሩ። «ኑሮን ለማሸነፍ የምትታገል ምስኪን እናት» የሚለውን ግን ተዉት። ምስኪን ነኝ አላለችም። የደንበኞቿን ስም በቃሏ የምትይዝ፣ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ የምታሰላ፣ እቁብ የምትጥል ነጋዴ ናት።

ሕጉስ ምን ይላል? የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ 1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ይህን በቁጥር 27 ላይ በግልጽ አስቀምጦታል። የአንድ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ለሽያጭ ሊቀርብ አይችልም። ቁጥር 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል። ሰውየው ታዋቂ ከሆነ ወይም የሕዝብ ሥልጣን ካለው፣ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ካስፈለገ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ከሆነ፣ ወይም ፎቶው በአደባባይ ከተደረገ ነገር ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ጉዳይ ጋር የተያያዘ ከሆነ። ቁጥር 29 መብቱ የተነካ ሰው ፎቶው ከሕዝብ ፊት እንዲወርድ ወይም ሽያጩ እንዲቆም መጠየቅ እንደሚችል፣ ፍርድ ቤትም ካሳ ሊወስን እንደሚችል ይናገራል። ካሳው ፎቶውን ያወጣው ሰው ያገኘውን ጥቅም ያህል ሊሆን ይችላል።

ብዙ ፎቶ አንሺ ቁጥር 28ን ይዞ «ገበያ አደባባይ ነው፣ ባህልም ነው» ይላል። ለሰፊው የገበያ ትዕይንት ይህ ሊያስኬድ ይችላል። ፊቷ ክፈፉን የሞላውን አንዲት ሴት ለዘይት ማስታወቂያ ስትጠቀሙባት ግን ባህል ነው ማለት አይቻልም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ያረጋግጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ሰው የሚታወቅበትን መረጃ ስለ መያዝና ስለ መጠቀም ደንግጓል። ከባድ ጉዳይ ከገጠማችሁ ጠበቃ አማክሩ። ለዕለት ተዕለቱ ግን ፈቃዱን በአጭር ጽሑፍ ማስፈር፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ አንብቦ አስረድቶ ድምፁን በስልክ መቅዳት ጥሩ ልማድ ነው። «ለኤግዚቢሽን» የተሰጠ ፈቃድ ለማስታወቂያ እንደማያገለግል ሁለታችሁም እወቁት።

ገንዘብ ይከፈል ወይስ አይከፈል? ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ለመነሳት ብቻ ብር መስጠት ነገሩን ያበላሸዋል ብዬ አምናለሁ። ነጋዴዋ ፎቶ መሸጥ ትጀምራለች፤ ቀጥሎ ካሜራ ይዞ የሚመጣው ልጅ ብር ስለሌለው ይባረራል። ግን ሰዓቷን ወስዳችሁ ባዶ እጃችሁን መሄድም ነውር ነው። ግዙ። ዋጋ አትከራከሩ፣ ምርቃትም አትጠይቁ። ፎቶው ተሸጦ ገንዘብ ካመጣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ድርሻዋን በቅድሚያ ተነጋግራችሁ፣ ጽፋችሁ፣ ስጧት።

የታተመ ፎቶ ማድረስ ግዴታ ነው እላለሁ። ስልክ ላይ አሳይቶ መሄድ አይበቃም። 13 በ18 ሳንቲ ሜትር ላይ የታተመ ፎቶ ዋጋው ለማንም የሚከብድ አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት አትማችሁ እሷ ትምረጥ፤ ብዙ ጊዜ የምትመርጠው እናንተ የናቃችሁትን፣ ቀጥ ብላ የተነሳችውን ነው። እሱን ስጧት። ጀርባው ላይ ስሟን፣ ተራውን፣ ቀኑንና የእናንተን ስልክ ጻፉበት፤ ሐሳቧን ብትቀይር ደውላ «አውርዱልኝ» እንድትል።

ማድረሱንም አታዘግዩ። ገበያ ይንቀሳቀሳል። አትክልት ተራ በኮሮና ጊዜ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የደረሰው ቃጠሎ የብዙ ሰው ሱቅ በአንድ ሌሊት ወስዷል። ከዚያ ቀን በፊት እዚያ የተነሳ ማንኛውም ፎቶ፣ ሰውየው የቆመበትን መደርደሪያና የሰቀለውን ጋቢ ካሳየ፣ ዛሬ ትልቅ ማስረጃ ነው። ለዚህ ነው ዕቃው እንዳይደበዝዝ የምለው። ፋይሉን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከስልካችሁ ውጭ ይሁን። ስሙን፣ ተራውንና ቀኑን ፋይሉ ራሱ ውስጥ ጻፉት፤ ወረቀት ላይ ብቻ የተጻፈ ከፎቶው ጋር አብሮ አይቆይም። ሴትየዋን በዚያ ቦታ ካጣችኋት ጎረቤቷን ጠይቁ፤ ወዴት እንደሄደች፣ አሁን የት እንደምትሸጥ ተራው ያውቃል።